የተያዘ ሐዋላ
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ ጎንደር፣ አራዳ፣ የተደረገ ንግግር



የስብሰባው አዘጋጆች ስለ ውጭ አገር ሐዋላ እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ ግኝት፣ ስለ ተመንና ይህንኑ ስለ መሳሰለው ሰፊ ጉዳይ እንድተነትን ጠብቀው ይሆናል። ስለ እነዚህ በየመድረኩ ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጠበብ ያለ ነገር ነው። ይኸውም በሥራው ያገኘውን ገንዘብ፣ በታወቀ ባንክ በኩል፣ ለእናቱ ወይም ለእኅቱ የላከ ሰው፣ በመካከል ያለ አንድ ባንክ «ማጭበርበር ሊሆን ይችላል» በማለት ስለሚይዝበት ገንዘብ ነው። ጉዳዩ ጠባብ ቢሆንም በመስኮቱ ወዲያና ወዲህ የቆመውን ሰው ክብር የሚነካ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጉባኤ ፊት ሊነገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

በውጭ ሐዋላ መስኮት ተቀምጦ ያገለገለ ሁሉ የምናገረውን ያውቀዋል። አንዲት እናት ከዚሁ ከአራዳ፣ ወይም ከዳባት፣ ወይም ከደባርቅ ተሳፍረው ይመጣሉ። «ልጄ፣ ተልኳል ብሎኛልና እስቲ እይልኝ» ይላሉ። «አልገባም እማማ፣ ነገ ይመለሱ» ይባላሉ። በነገታው ይመለሳሉ፤ አሁንም አልገባም። በሦስተኛው ቀን ሲመጡ ፊታቸው ላይ የሚነበበው ጥርጣሬ ሁለት አቅጣጫ አለው፦ ወይ ልጃቸው ሳይልክ ልኬአለሁ ብሏቸዋል፤ ወይም እኛ በልተነዋል። ሦስተኛው፣ ማለትም ስሙን ሰምተውት በማያውቁት ከተማ የተቀመጠ፣ እርሳቸውንም ልጃቸውንም የማያውቅ ሠራተኛ ወይም መሣሪያ ገንዘቡን ይዞታል የሚለው እውነት፣ ከሁሉ ይልቅ ለማመን የሚያስቸግር ነው። በልጅና በእናት መካከል፣ በደንበኛና በባንክ መካከል የገባው ይህ ጥርጣሬ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይመዘገብም።

ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ሐዋላ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወርን ያመለክታል። እኛ በሕጋዊ ባንክ ለሚደረገው አገልግሎት መጠሪያ አድርገነው በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ በጉልሕ ጽፈነዋል። በውጭው ዓለም የቁጥጥር ሰነዶች ውስጥ ግን ይኸው ቃል ከባንክ ውጭ የሚዘዋወር፣ በጥርጣሬ የሚታይ ገንዘብ መጠሪያ ሆኗል። እኛ በኩራት የለጠፍነው ስም እነርሱ ዘንድ ገና ሲጠራ ግንባር ያስቋጥራል። በሁለቱ ዓለማት መካከል ያለውን የመግባባት ችግር ለማሳየት ይህ አንድ ቃል ይበቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ጉዞ እንለፍ። ብዙ ሰው ገንዘብ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ተነሥቶ በቀጥታ ጎንደር የሚገባ ይመስለዋል። የላኪው ባንክ ከእኛ ባንክ ጋር የሒሳብ ግንኙነት ከሌለው፣ መልእክቱ ኮረስፖንደንት በሚባሉ አገናኝ ባንኮች በኩል ያልፋል፤ አንዳንድ ጊዜ በአንድ፣ አንዳንድ ጊዜ በሁለት። መልእክቶቹን የሚያመላልሰው እ.ኤ.አ. በ1973 ብራስልስ ላይ የተመሠረተው ስዊፍት የተባለው ድርጅት ነው። በዚህ ሰንሰለት ላይ ያለ እያንዳንዱ ባንክ መልእክቱን በማጣሪያ መሣሪያ ያልፈዋል፤ ስም፣ አድራሻ፣ የተላከበት ምክንያት፣ ሁሉም ከተከለከሉ ሰዎችና አገሮች ዝርዝር ጋር ይመሳከራል። ስለዚህ ለማገድ ሥልጣን ያለው ብዙ ነው። ለአራዳዋ እናት መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ግን አንድም የለም። የመካከለኛው ባንክ ደንበኛ የላኪው ባንክ ነው፤ የላኪው ባንክ ደንበኛ ልጃቸው ነው፤ እርሳቸው ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ በዚያ ሰንሰለት ውስጥ የማንም ደንበኛ አይደሉም።

ባንኮቹ ለምን እንዲህ ፈሩ? ፍርሃታቸው ከባዶ አልተነሣም። በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1989 በሰባቱ ባለኢንዱስትሪ አገሮች ውሳኔ በፓሪስ የተቋቋመው የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል ነበር፤ ከ2001 የመስከረም ጥቃት በኋላ ደግሞ ሽብርን በገንዘብ መርዳት በተልእኮው ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ቅጣቱ በረታ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤች.ኤስ.ቢ.ሲ. የተባለው ታላቅ ባንክ በቁጥጥር ጉድለት ለአሜሪካ መንግሥት 1.9 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከፈለ። በ2014 የፈረንሳዩ ቢ.ኤን.ፒ. ፓሪባ ከሱዳን፣ ከኢራንና ከኩባ ጋር በተያያዙ ክፍያዎች ምክንያት ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ተቀጣ። አንድ ባንክ ከአንዲት የሁለት መቶ ዶላር ሐዋላ የሚያገኘው ጥቂት ዶላር ነው፤ በስሕተት ቢያሳልፋት የሚደርስበት ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም። አላግባብ ቢያግዳትስ? ምንም አይደርስበትም። ሚዛኑ ከመጀመሪያው ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ባንኮቹ ልጡን ሁሉ መሸሽ ጀመሩ፤ ከአነስተኛ አገሮችና ከገንዘብ አስተላላፊዎች ጋር የነበራቸውንም ግንኙነት ማቋረጥ ያዙ። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት በዓለም ላይ የአገናኝ ባንኮች ግንኙነት በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል።

አገራችንም በዚህ መዝገብ ስሟ ሰፍሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ግብረ ኃይሉ ኢትዮጵያን የቁጥጥር ጉድለት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባት፤ ጉድለቱን ማስተካከሏ ከተረጋገጠ በኋላ በጥቅምት 2019 አወጣት። የአውሮፓ ኅብረትም በ2018 በራሱ ዝርዝር አስገብቶ በ2020 ሰርዟታል። እነዚህ ዝርዝሮች «በጥንቃቄ መርምሩ» እንጂ «አትቀበሉ» አላሉም። እንዲያውም ግብረ ኃይሉ ራሱ በጥቅምት 2014 ባወጣው መግለጫ፣ ደንበኞችን በጅምላ ማባረር የደንቡ ዓላማ እንዳልሆነና ሥጋቱ በየአንዳንዱ ጉዳይ መመዘን እንዳለበት አስታውቋል። መግለጫው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መግለጫን ባለመከተል የተቀጣ ባንክ ስለ መኖሩ አልሰማሁም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ነገር ላስታውሳችሁ። ከአራዳ ገበያ እስከ መተማ፣ ከመተማም እስከ ምጽዋ በነበረው ንግድ፣ አሞሌ ጨው ለትንሹ ግዢ፣ የማሪያ ቴሬዛ ብር ለትልቁ ያገለግሉ ነበር። ይህ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት በ1780 ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደ ተሸከመ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታ ኖሯል፤ ምክንያቱም የእኛ አገር ሰው ሌላ ዓመትና ሌላ መልክ ያለውን አልቀበልም በማለቱ ነው። ሻጩ ብሩን አገላብጦ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ የሚታዩትን ፈርጦች ይቈጥራል፤ አንዱ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ፣ ብሩ ንጹሕ ቢሆንም ይመልሰዋል። ሐሰተኛን በመፍራት እውነተኛው ይጣላል ማለት ነው። ዛሬ በኒው ዮርክ ወይም በፍራንክፈርት ያለው ማጣሪያ የሚያደርገው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ የአራዳው ነጋዴ ብሩን ሲመልስ ባለቤቱ በፊቱ ቆሞ ስለ ነበረ ነው፤ መከራከር፣ ሽማግሌ መጥራት፣ ከጎረቤት ሱቅ ማስመዘን ይችል ነበር።

የእኛ ሰው ፈርጡ የሚደበዝዘው በብዙ ምክንያት ነው። ከሁሉ የከፋው ስሙ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፈቀድልኝ።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። የውጭው ቅጽ ግን የመጨረሻው ስም የቤተሰብ መጠሪያ መሆን አለበት ይላል፤ ስለዚህ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም በዚያ ቦታ ይጽፋል። ወንድም በአያት፣ እኅት በአባት ስም ተመዝግበው ከሆነ በመሣሪያው ዓይን ባዕዳን ናቸው። ሴት ልጅ ስታገባ ስሟን ስለማትቀይር ባልና ሚስትም ባዕዳን ናቸው። እናትና ልጅማ ፈጽሞ የሚያገናኛቸው ስም የለም። «ለእናቴ ነው የምልከው» ብሎ የሞላን ሰው፣ ስማቸው ለምን አይመሳሰልም ብሎ መጠርጠር እዚያ ላለው ሠራተኛ የተለመደ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ቢመሳሰል ነበር የሚያስገርመን።

ከዚያም የፊደሉ ጉዳይ አለ። ጸሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በቲ እና በኤስ፣ ሌላው በቲ እና በዜድ፣ ሦስተኛው በኤስ ብቻ ይጀምረዋል። ቀለሟን አንዱ በኬ፣ አንዱ በኪው ይጽፋታል። ኃይለ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ጊዮርጊስ ተጣብቀው ከተጻፉ አንድ ስም፣ ተለያይተው ከተጻፉ ሁለት ስም ይሆናሉ፤ ሲለያዩም መሣሪያው ገብረ የሚለውን ስም፣ ሥላሴን ደግሞ አባት አድርጎ ይቈጥራል። በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በቀበሌ መታወቂያው የአማርኛ ብቻ፣ በባንክ ደብተሩ ደግሞ ሒሳቡን የከፈተለት ጸሐፊ የዚያን ዕለት እንደ መሰለው ነው። የሙስሊም ወገኖቻችን መከራ ከዚህም ይበልጣል። በአዲስ ዓለም ሰፈር መሐመድ ወይም አብዱልቃድር ያልተባለ ሰው ያለበት ቤት ከተገኘ ጥቂት ነው፤ እነዚህ ስሞች ደግሞ በተከለከሉት ዝርዝር ላይ በብዛት ስላሉ፣ ሐዋላቸው ሳይቆም የሚያልፍበት ጊዜ ሲገኝ ዕድለኛ ይባላሉ። ከአባቶቹ ጀምሮ በዚህች ከተማ ሲነግድ የኖረ ሰው በስሙ ብቻ በየወሩ ንጽሕናውን እንዲያስመሰክር መጠየቁ፣ ልማድ ስለ ሆነ ብቻ ፍትሕ አይሆንም።

የትውልድ ቀንም ሌላው ነው። በእኛ ዘመን አቈጣጠርና በውጭው መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። በቀበሌ መታወቂያ ላይ 1960 የሚለው ሳይለወጥ ከተገለበጠ ሴትዮዋ በአንድ ሰነድ ላይ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አርጅታ ትገኛለች። በስደት ውጭ አገር የገቡና የልደት ማስረጃ ያልነበራቸው ብዙዎች ደግሞ ጃንዋሪ አንድ ቀን እንደ ተወለዱ ተመዝግበዋል። አሥር ሰዎች በአንድ ቀን ተወልደው፣ በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ ወደ አንድ ከተማ ገንዘብ ሲልኩ ያየ ማጣሪያ ደወል ቢያሰማ አይፈረድበትም፤ የሚፈረደው ደወሉን ሰምቶ በማይጠይቀው ሰው ላይ ነው።

አድራሻውስ? ይህ የቆምንበት ሰፈር አራዳ ነው። አዲስ አበባም አራዳ ክፍለ ከተማ አለ። «አራዳ፣ ኢትዮጵያ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ መልእክት ወደ አዲስ አበባ የሚመራበት፣ ከዚያም «ተቀባዩ አልተገኘም» ተብሎ የሚመለስበት አጋጣሚ አለ። የውጭው ቅጽ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው «ከቤተ ክርስቲያኑ በታች» ይላል። የከተማችን ስም ራሱ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዳንዱ በመጨረሻው ክፍለ ቃል ኤ፣ አንዳንዱ ኢ ያደርግበታል። ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ስንቱን ገንዘብ አስሮ ያቈየው ይኸው ተራ ነገር ነው።

ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ደግሞ ሱዳን አለች። ከሰሜንና ከምዕራብ ጎንደር የሚነሡ የጉልበት ሠራተኞች በመተማ በኩል ተሻግረው በገዳሪፍ እርሻዎች ሲሠሩ ኖረዋል፤ በካርቱም ኑሮ የመሠረቱም ብዙዎች ነበሩ። አሜሪካ በሱዳን ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 የጣለችው የንግድ ማዕቀብ በ2017 ተነሣ፤ በ2020ም አገሪቱ ሽብርን ከሚደግፉ መንግሥታት መዝገብ ተሰረዘች። ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ የተነሣው ከባንኮች ልብ ቶሎ አልተነሣም። ሱዳን የሚል ቃል በመልእክቱ ላይ ከታየ ምርመራው ይረዝማል። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሣና የካርቱም ባንኮች ሲዘጉ፣ በመተማ ተሻግረው የመጡት ሰዎች አሜሪካና አውሮፓ ካሉ ዘመዶቻቸው የሚላክላቸውን ብቻ ይዘው መኖር ነበረባቸው፤ ከሁሉ ይበልጥ ፈጣን መልስ የሚያስፈልጋቸውም፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠረጠሩትም እነርሱ ሆኑ።

ማጭበርበር የለም ለማለት አልተነሣሁም። አለ፤ ደግሞም እየረቀቀ ሄዷል። በውጭ ያሉ አረጋውያን ወገኖቻችን «የወንድምህ ልጅ ታሟል» በሚል የስልክ ጥሪ ያጠራቀሙትን አጥተዋል። በፍቅር ስም ተታለው የላኩ አሉ። በጥቂት ገንዘብ ተደልለው ሒሳባቸውን ለማያውቁት ሰው መተላለፊያ ያደረጉ ወጣቶች በየቅርንጫፉ ይገኛሉ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በአካባቢያችን ሰውን አግቶ ገንዘብ የመጠየቅ ወንጀል ተስፋፍቶ፣ ስንት ቤተሰብ እንዳስለቀሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ችግሩ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። አጭበርባሪ የሚጽፈው ታሪክ ከእውነተኛ መከራ የተቀዳ ነው። ዛሬውኑ ላክ፤ ብዙ ላክ፤ ከዚህ በፊት ላልላክህለት ሰው ላክ፤ ለማንም አትንገር ይላል። እናቱ በድንገት ሆስፒታል የገባችበት ልጅ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፦ ዛሬውኑ፣ ከወትሮው አብልጦ፣ ለሚያስታምማት ጎረቤት ስም ይልካል። መሣሪያው የሚያየው የገንዘቡን መጠን፣ ፍጥነቱንና የተቀባዩን አዲስነት ነው፤ በእነዚህ በሦስቱ ደግሞ እውነተኛ ጭንቀትና ሐሰተኛ ጭንቀት አንድ ናቸው። ስለዚህ ጸጥ ያለው የወር ተቈራጭ ያልፋል፤ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሆነው ነው። መሣሪያውን ብናሻሽለው ይህን ሙሉ በሙሉ አያስቀርልንም። የሚለየው ጠያቂ ሰው ነው፤ ስልክ አንሥቶ «ማን ናት? የት ተኝታለች? የሐኪም ቤቱን ወረቀት ልታሳየን ትችላለህ?» የሚል ሰው። ይህን የሚያደርጉ ባንኮች አሉ። የማያደርጉት ለምን እንደማያደርጉ ብንጠይቅ፣ የሰው ደመወዝ ከሐዋላው ክፍያ ይበልጣል የሚል መልስ እናገኛለን።

ገንዘቡ የታገደበት ልጅ ቀጥሎ የሚያደርገውንም ታውቃላችሁ። ሁለት ሺሕ ዶላሩን ለአራት ጓደኞቹ ያከፋፍልና በየስማቸው አምስት አምስት መቶ ያስልካል። በእርሱ ቤት ብልሃት ነው። በባንኮች ቤት ግን ይህ አሠራር ገንዘብን ከቁጥጥር ለመሰወር የመከፋፈል ምልክት ሆኖ በሥልጠና መጻሕፍት ላይ የሚጠቀስ ነው፤ ስለዚህ አራቱም ይታገዳሉ፤ የጓደኞቹም ሒሳብ በጥርጣሬ መዝገብ ይገባል። ይህን ለላኪዎች አስቀድሞ መንገር ከእኛ በቀር የማን ሥራ ሊሆን ይችላል?

አሁን ስለ ዝምታው እናገራለሁ። ባንኮች ሐዋላ ሲያግዱ ምክንያቱን አይናገሩም፤ ሲጠየቁም «ሕግ ይከለክላል» ይላሉ። እውነት ነው፤ በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከልና ለመቈጣጠር የወጣው የእኛው አዋጅ፣ እንደ ሌሎች አገሮች ሕግ ሁሉ፣ አጠራጣሪ ተብሎ ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ሪፖርት የተደረገን ጉዳይ ለደንበኛው መንገርን ይከለክላል። ክልከላው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሪፖርት የተደረገበትና ስሙ ባለመሟላቱ የቆመው ሐዋላ አንድ አይደሉም። የአያት ስም ጐደለ፣ የትውልድ ቀን አልተጻፈም፣ አድራሻው ግልጽ አይደለም ማለት ምስጢር ማውጣት አይደለም። በብዛት የሚታገደው በዚህ ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ የሕጉን መጋረጃ በሁሉም ላይ መዘርጋት ለሠራተኛው ዕረፍት እንጂ ለአገር ጥበቃ አይሆንም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ደንብ፣ ባንክ በማጭበርበር ጥርጣሬ የአገር ውስጥ ክፍያን ሲያዘገይ ለተወሰኑ ቀናት ብቻ እንዲሆን፣ ምክንያቱንና የሚፈለገውን ማስረጃም ሕግ እስካልከለከለው ድረስ ለደንበኛው እንዲነግር ተደንግጓል። ለለንደኑ ነዋሪ የተቻለው ለአራዳዋ እናት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህ ሁሉ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት የጎረቤቶቻችንን የሶማሌዎችን ታሪክ መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 የአሜሪካ መንግሥት አል ባረካት የተባለውን ታላቅ የሶማሌ ገንዘብ አስተላላፊ ዘጋው፤ ገንዘቡንም አገደ። በኋላ የመስከረሙን ጥቃት የመረመረው ኮሚሽን ባለሙያዎች ክሱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንዳልተገኘ ጻፉ፤ በመካከሉ ግን ባንክ በሌለበት አገር ቤተሰቦች የሚኖሩበት መስመር ተቈርጦ ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በመስከረም 2008 በሰጠው ታዋቂ ውሳኔ፣ ሰዎችና ድርጅቶች ምክንያቱ ሳይነገራቸውና ሳይሰሙ ንብረታቸው መታገዱ መብታቸውን የሚጥስ መሆኑን ወሰነ፤ በዚያ መዝገብ ከከሳሾቹ አንዱ በስዊድን የተቋቋመው የአል ባረካት ድርጅት ነበር። በ2013 ደግሞ የእንግሊዙ ባርክሌይስ ባንክ ለብዙ ገንዘብ አስተላላፊዎች ሒሳባቸውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ዳሃብሺል የተባለው ኩባንያ ለንደን ባለው ፍርድ ቤት ተሟግቶ በዚያው ዓመት ኅዳር የእግድ ትእዛዝ አገኘ፤ በ2014 በስምምነት ጨረሱ። በየካቲት 2015 በአሜሪካ የሶማሌ አስተላላፊዎችን ያገለግል የነበረ አንድ የካሊፎርኒያ ባንክ በሩን ሲዘጋባቸው፣ አስተላላፊዎቹ ጥሬ ገንዘቡን በሻንጣ ይዘው በአውሮፕላን ወደ ዱባይ እስከ ማጓጓዝ ደረሱ። ቁጥጥሩ ገንዘቡን ከሚታይበት ወደማይታይበት ገፋው ማለት ነው።

እኛም ዘንድ በልኩ ይኸው ሆኗል። ለብዙ ዓመታት በባንክና ከባንክ ውጭ ባለው የዶላር ዋጋ መካከል የነበረው ልዩነት ሰዉን ወደ ውጭ ይስበው ነበር። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ውስጥ በንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ልዩነቱም ለጊዜው ጠበበ። በዚያን ጊዜ ወደ መስኮታችን ከተመለሱት ሰዎች መካከል በታገደ ሐዋላ ምክንያት ዳግመኛ የሄዱትን አውቃለሁ። የሄዱበት ምክንያት ዋጋ አልነበረም። «እዚያ ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ቢዘገይ እጠይቀዋለሁ፤ ይነግረኛል» ነው ያሉት። ከሕጋዊው መንገድ ይልቅ ሕገ ወጡ ተጠያቂ ሆኖ መታየቱ ለሙያችን ከባድ ነገር ነው። ያም መንገድ አደጋ አለው፤ ገንዘቡ ቢጠፋ የሚከሰስበት ሰነድ የለም፤ አስተላላፊው የያዘው ገንዘብ ከየት እንደ መጣም ማንም አያውቅም። ነገር ግን ይህን ለተናደደ ሰው ለማስረዳት መጀመሪያ የራስን ቤት ማጽዳት ያስፈልጋል።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት የኢንተርኔት መስመር ለብዙ ወራት ተቋርጦ፣ ባንኮችም በየጊዜው ተዘግተው እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያ ወቅት ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ መመለስ ስላልተቻለ የተመለሰው ገንዘብ ብዙ ነበር። የዚያ ጊዜ ችግር ከእኛ አቅም በላይ ነበር፤ ዛሬ ግን መስመሩ እያለ ጥያቄው በዋናው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲያድር እናያለን። የመካከለኛው ባንክ «የተቀባዩን ሙሉ ስምና የትውልድ ቀን ላኩልን» ብሎ ይጽፋል፤ ጥያቄው ከአዲስ አበባ ቅርንጫፋችን እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ፤ ቀነ ገደቡ ሲያልቅ ገንዘቡ ይመለሳል፤ እኛም «የውጭ ባንክ ነው ያገደው» እንላለን። የውጭውን ባንክ ስወቅስ ቆይቻለሁና ይህንንም መናገር አለብኝ።

ታዲያ እኛ፣ በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው፣ ምን ማድረግ እንችላለን? የኒው ዮርኩን ማጣሪያ አንለውጠውም። ፈርጡ እንዳይደበዝዝ ማድረግ ግን በእጃችን ነው። ሐዋላ ለሚጠብቅ ደንበኛ ሁሉ ስሙን በመታወቂያው ወይም በፓስፖርቱ ላይ ባለው የላቲን ፊደል፣ እስከ አያት፣ ከትውልድ ቀኑ ጋር በውጭው አቈጣጠር፣ ጎንደር ከተማ መሆኑን አስረግጦ የሚገልጽ ትንሽ ወረቀት ጽፈን ብንሰጠው፣ እርሱም ፎቶግራፍ አንሥቶ ለላኪው ቢሰድለት፣ ብዙው እገዳ ከመነሻው ይቀራል። የፋይዳ ቁጥር እየተስፋፋ ሲሄድ ስሙ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት እንዲሆን ይረዳል፤ ግን የሚረዳው ምዝገባው በጥንቃቄ ከተጻፈ ነው። ላኪው የተላከበትን ምክንያት በግልጽ ቃል እንዲጽፍ፣ ገንዘቡንም እንዳይከፋፍል ይነገረው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በስዊፍት በሚተላለፍ እያንዳንዱ የክፍያ መልእክት ላይ መከታተያ ቁጥር ይጻፋል፤ ላኪው ይህን ቁጥር ከባንኩ ጠይቆ ቢልክልን፣ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ እንደ ቆመ ማወቅ ይቻላል። ስንት ደንበኛ ይህን ያውቃል? ስንቶቻችንስ እንነግረዋለን?

ደንበኛው ሲመጣም «አልገባም» ብቻ ብለን አንሸኘው። ማስረጃ ጐድሎት ቆሟል፣ ወይም በምርመራ ላይ ነው፣ ወይም ተመልሷል፤ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ የሕጉ ክልከላ ካልኖረ ይነገረው። ባንኮቻችንም ከአገናኝ ባንኮች ጋር ውል ሲያድሱ፣ ጥያቄ የሚቀርብበትንና መልስ የሚሰጥበትን የጊዜ ወሰን ቢደራደሩበት፣ ብሔራዊ ባንክም ቢያግዛቸው መልካም ነው። አንድ ባንክ ብቻውን ሲጠይቅ ላይሰማ ይችላል፤ ብዙዎች በአንድ ድምፅ ሲጠይቁ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለዚህ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እስከ ዛሬ የያዝነው ማስረጃ የእናቶች እሮሮ ብቻ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከመጪው መስከረም ጀምሮ አባሎቻችን የሚሠሩባቸው ቅርንጫፎች የታገደና የተመለሰ ሐዋላ መዝገብ ይክፈቱ። የደንበኛው ስም አያስፈልግም። የቆመበት ቀን፣ የተለቀቀበት ወይም የተመለሰበት ቀን፣ የተሰጠው ምክንያት፣ ጥያቄው ከዋናው መሥሪያ ቤት ለቅርንጫፉ የደረሰበት ቀን፣ መልሱ የተላከበት ቀን ይጻፍ። ዐምስት ዓምድ ያለው ተራ ደብተር ይበቃል። በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ላይ ደብተሮቹ ወደዚህ ጠረጴዛ ይምጡና ከመዘግየቱ ስንቱ የእነርሱ፣ ስንቱ የእኛ እንደ ሆነ አብረን እንቍጠር። የመዝገቡን ቅጽ አዘጋጅቼ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ ለየቅርንጫፋችሁ አንዳንድ ቅጂ እንድትወስዱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።